በንግድ ተለይቶ ስለ መታወቅ

ወጣቶች ሆይ፤ በአገራችን ከሚነገሩት ምሳሌዎች አንዱ «እንደ አገሩ ይኖሩ፥ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው ነው። ይህ ምሳሌ በአስተዋይ ሰው አፍ ሲነገር መልካም ምክር ነው፤ እንግዳው የባላገሩን ወግ እንዲያከብር፥ ትዕቢተኛውም ልኩን እንዲያውቅ ያስተምራል። ነገር ግን ነጋዴው ይህን ምሳሌ ወደ ገበያ ይዞት ወጥቶ፥ ጎረቤቱ የሚሸጠውን ለመሸጥ፥ ጎረቤቱ የሚሠራውን ለመሥራት ምክንያት ያደረገው እንደ ሆነ፥ ምክሩ ወደ መርዝ ይለወጣል። እኔም በዚህች ጽሑፍ የምከራከረው ከዚሁ ልማድ ጋራ ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ በንግድ ውስጥ እንደ ሰው ሁሉ መሆን ከአደጋ መሸሸጊያ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከሁሉ የሚከፋው አደጋ እርሱ ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከማምጣት በአጠገባችን ካለው ልጀምር። በዳንግላ ከተማ ዋናውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው፥ ሱቁን ሁሉ በተራ ቢመለከት ያው ሳሙና፥ ያው ዘይት፥ ያው ብስኩት፥ ያው ባትሪ በያው መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ያገኛል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ ሲደርስ ደግሞ በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበር፥ የቀርከሃ አልጋና መደርደሪያ ለሽያጭ ቆሞ ያያል። ቀርከሃው የዚያ ደጋ አገር ሀብት ነው፤ የሠሪዎቹም እጅ የሚመሰገን ነው። መንገደኛው ከመኪናው ወርዶ የመጀመሪያውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ሻጭ ትንሽ ይቀንስለታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ይቀንሳል። ይህ ለምን ሆነ? ወንበሩ ከወንበር ካልተለየ ሊለይ የሚችለው ዋጋው ብቻ ስለ ሆነ ነው። ዋጋውም የሚቀነሰው ከሌላ ከየትም አይደለም፤ ከሠሪው ልጆች እራት ላይ ነው። እንግዲህ ከጎረቤቱ ጋራ መመሳሰሉ ያኖረኛል ብሎ የተማመነው ሰው፥ ያው መመሳሰል በየቀኑ ከማዕዱ ላይ ሲያነሣበት ይኖራል።

በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ የሆነውን ደግሞ አስተውሉ። በዚያ አገር አፈሩ አሲዳማ ሆኖ መሬቱ ስለ ደከመ፥ ገበሬዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣውንና ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በእርሻቸው ላይ ይተክሉ ጀመር። ዘዴያቸውም የሚደነቅ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ከችግኙ ጋራ ይዘራሉ፤ ከዚያ በኋላ በዛፉ ሥር የበቀለውን ሣር ለከብት ያጭዳሉ፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ዛፉን ቈርጠው ያከስላሉ፤ መሬቱንም መልሰው ያርሳሉ። ዛፉ በሥሩ ናይትሮጂን ወደ አፈሩ የሚጨምር ስለ ሆነ፥ የደከመው ማሳ ይጠገናል። ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ እየተጫነ ተሸጠ፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ቤት ሠራ፥ ልጁንም አስተማረ። ይህን አስቀድመው ላሰቡት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ሰው ሁሉ መሬቱ ሞተ ብሎ ሲያዝን፥ እነርሱ ከሞተው መሬት ገንዘብ አወጡ።

ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው ያሰበውን ሺሁ ሰው አላሰበውም፤ አይቶ ብቻ ቀዳው። ኮረብታው በሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ለበሰ። በቅርብ ዓመታት ዋግ የሚመስል በሽታ በዲከረንሱ ላይ በወረደ ጊዜ፥ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚያግደው ነገር አላገኘም። በዚያን ጊዜ «ጎረቤቴ ካደረገው አይጐዳኝም» ይል የነበረው ሰው፥ ጎረቤቱም እንደ እርሱ ተጐድቶ አገኘው፤ ብድር ሊጠይቀው እንኳ አልቻለም። ሁሉ አንድ ነገር የሚሠራበት አገር በአንድ ቀን ይደሰታል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ያዝናል።

አሁን «ታዲያ የአዊ ሰው ከሌላው ተለይቶ መታየትን አያውቅም ልትል ነውን?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እንዲህስ አልልም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ተመልከቱ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓሉም በዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስታውሳል። በዚያ ቀን ፈረሱ የጎረቤቱን ፈረስ እንዲመስልለት የሚመኝ ማን ነው? እያንዳንዱ ፈረሰኛ ግላሱን ያስጌጣል፥ ልጓሙን ይወለውላል፥ ኮርቻውን ያሳምራል፤ ከብዙ ፈረስ መካከል ዐይን የእርሱን እንዲመርጥለት ይተጋል። ታዲያ ጥር 23 ቀን ተለይቶ ለመታየት ይህን ያህል የደከመ ሰው፥ ጥር 24 ቀን ወደ ሱቁ ሲመለስ እንደ ሰው ሁሉ ለመሆን ለምን ይደክማል?

ደግሞም ፈረሱ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ሰነፍ ፈረስ በሐር ግላስ ቢሸፈን፥ ሽምጥ ግልቢያ በተጀመረ ጊዜ ገበናው ይገለጣል፤ ጌጡም መሳቂያ ይሆንበታል። እንዲሁም ሱቁን ቀይና ቢጫ ቀለም ቀብቶ፥ በበሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ሲያስጮኽ የሚውል ነጋዴ ዕቃው ያው ከሆነ፥ አላፊውን ያደነቍራል እንጂ ገዢውን አያስመልስም። እኔ ተለይቶ መታወቅ የምለው ጩኸትን አይደለም። ሰው ዕቃውን ወደ ቤቱ ወስዶ ከተገለገለበት በኋላ ለጎረቤቱ «ይህን የት አገኘኸው?» የሚያሰኝ ሥራ እርሱ ነው።

ለምሳሌ ያንኑ የቀርከሃ ወንበር እንውሰድ። ገዢው ሁሉ የሚያማርርበት ነገር የታወቀ ነው፤ ወንበሩ በጥቂት ጊዜ ይሰነጠቃል፥ ነቀዝም ገብቶበት ዱቄት ያራግፋል። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ቀርከሃ ሲደርቅ ይጨማደዳል፥ ይሰነጠቃልም፤ በውስጡ ያለው ስታርችም ለነቀዝ ምግብ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ሠሪ የበሰለውን ቀርከሃ ብቻ በበጋ ቢቈርጥ፥ ለሳምንታት በውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ስታርቹን ቢያስወጣ፥ በጥላ ቀስ አድርጎ ቢያደርቅ፥ ከዚያም በወንበሩ እግር ላይ ስሙን በጋለ ብረት አትሞ «እስከ አንድ ዓመት ድረስ ነቀዝ ከገባበት መልሱልኝ፥ ሌላ እሰጣችኋለሁ» ቢል፥ በዚያ መንገድ ዳር የሚኖረው ወንበር ሻጭ ስንት ነው? መንገደኛው ከሌሎች ጋራ እያመዛዘነ ዋጋ ሊያስቀንስ ይችላልን? አይችልም፤ የሚያመዛዝንበት ሁለተኛ ወንበር የለምና።

ይህ ሕልም እንዳይመስላችሁ ከሌላው ዓለም አንድ ምስክር ልጥራ። በእንግሊዝ አገር በርስለም በምትባል የሸክላ ሠሪዎች ከተማ፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1730 ዓ.ም. ጆሳያ ዌጅዉድ የሚባል ሰው ተወለደ። አባቱ ሲሞት ገና ልጅ ነበር፤ ከዚያም ወደ ሸክላ ሥራ ገባ። ፈንጣጣ ይዞት ጉልበቱን ስላደከመው፥ የሸክላውን መንኰራኵር በእግሩ ለማዞር አቃተው፤ በ1768 ዓ.ም. ደግሞ እግሩ ተቈረጠ። በከተማው ሸክላ የማይሠራ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እርሱ ግን «እንደ አገሩ» ብሎ አልተቀመጠም። የጭቃውንና የቀለሙን ቅመም በሺህ በሚቈጠር ሙከራ ፈተነ፤ የሞከረውንም ሁሉ በመዝገብ ጻፈ። ያወጣው ነጣ ያለ ሸክላ ንግሥት ሻርሎትን ስላስደሰታት፥ «የንግሥቲቱ ዕቃ» ተብሎ ተጠራ። በዕቃው ላይ ስሙን አተመ፤ ያልወደደ ገዢም እንዲመልስ ፈቀደ። ጭቃው የሁሉ ነበረ፤ ትጋቱ ግን የእርሱ ብቻ ነበረ።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሦስት ነገር እንደሚያነሡ ዐውቃለሁ። አንደኛው «ገንዘብ የለኝም» ይላል። ቀርከሃን በውኃ ለመዘፍዘፍ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ደግሞ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁንን አስቡ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ሥራ ሲያቋቁሙ፥ የተነሡት ሁላችን ከምናውቀው ከበረባሶ ነው። ያረጀ የመኪና ጎማና በእጅ የተፈተለ ጥጥ የትም የሚገኝ ነገር ነበር፤ ሌላው በረባሶን የድኻ ጫማ ብሎ ሲያልፈው፥ እርሳቸው አሳምረው ሠርተው በውጭ አገር ገበያ እንዲፈለግ አደረጉት። ብዙ ሰው ያጣሁት ገንዘብ ነው ይላል፤ ያጣው ግን በእጁ ያለውን ነገር አተኵሮ ማየት ነው።

ሁለተኛው «ብደክም ምን ይጠቅመኛል? ነገ ይቀዱብኛል» ይላል። እውነት ነው፤ ይቀዱበታል። ነገር ግን ቀጂው የሚቀዳው ትናንት የተሠራውን ነው፤ ዛሬ የሚታሰበውን አይቀዳም። በወንበሩ እግር ላይ የታተመውን ስምና በስሙ የተገባውን ቃልም በአንድ ሌሊት ሊቀዳ አይችልም። ይህንንም አገራችን በመንግሥት ደረጃ ፈትናዋለች። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ ተከራከረች፤ በ2007 ዓ.ም. ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋራ ስለ ስሞቹ ስምምነት ተፈራረመች። ስም ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ስለ ምን ይህን ያህል ክርክር ይደረግ ነበር?

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። «ተለይቼ ብታይ ሰው ይመቀኘኛል፤ በእጄ ብሠራም ይንቀኛል» ይላል። ይህ ሰው የሚናገረው ውሸት አይደለም፤ በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ በጥበባቸው ምክንያት ስንት ዘመን ተሰድበዋል! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት ነገሩ አገር የሚያጠፋ መሆኑን ስላዩ ነው። ከዐዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ እኛ ግን ዛሬም ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወንበር ሲሠራ «ለዚህ ነው የተማርከው?» እንላለን። ከዚያ በኋላ ልጁ ተደብቆ ይሠራል፤ ተደብቆ የሚሠራ ሰውም በሥራው ላይ ስሙን አያትምም፤ ስሙን የማያትም ደግሞ ሥራው ቢበላሽ አያፍርም። ስለዚህ ወንበሩን የበላው ነቀዝ ብቻ አይደለም፤ ንቀታችንም በልቶታል። መድኃኒቱ ግን ተደብቆ መኖር አይደለም። ሰዳቢው ራሱ በድብቅ መጥቶ የሚገዛው ዕቃ የሠራ ሰው፥ ለስድቡ ከዚያ የበለጠ መልስ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ወጣቶች፥ ሱቅ ልትከፍቱ ወይም ሥራ ልትጀምሩ ባሰባችሁ ጊዜ፥ «ጎረቤቶቼ ምን ይሸጣሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አልነቅፋችሁም፤ ነገር ግን ጥያቄውን በዚያ አታቁሙት። «ገዢው ከእነርሱ ገዝቶ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ የሚያማርረው ስለ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ያን አንድ ነገር አስተካክሉ፤ ብዙ ነገር አትጀምሩ። ያስተካከላችሁትን በስማችሁ ሽጡ፤ ዋጋችሁንም ሳታፍሩ ጥሩ፤ የተበላሸ ቢመለስላችሁ በቍጣ ሳይሆን በምስጋና ተቀበሉ፥ ያልተማራችሁትን የሚያስተምራችሁ እርሱ ነውና። ወንዙንስ እንደ ወንዙ ተሻገሩ፤ ነገር ግን ሁሉ በአንድ መልካ ተጨናንቆ ሲገፋፋ ባያችሁ ጊዜ፥ በትራችሁን ይዛችሁ ጥልቀቱን እየለካችሁ ሌላ መሻገሪያ ፈልጉ።