ድንኳኑ ለማን ነው?

በከተማችን አዲስ ልማድ ገብቷል። ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ፣ በተለይ በዓል ሲታከልበት፣ ሻንጣ አዝሎ ተራራ መውጣት። ሥጋ ቤት ተቀምጦ ከማምሸት ይሻላልና ይበል የሚያሰኝ ነው፤ እኔም እወጣለሁ። «ተራራ መውጣት የፈረንጅ ሥራ ነው» ከሚሉት ጋር ዛሬ ጉዳይ የለኝም። የምጣላው ከተጓዦቹ፣ ማለትም ከኔ ቢጤዎች ጋር ነው።

ባለፈው ነሐሴ 11 ሆነን ወደ ባሌ ሄድን። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዶዶላ ጀምሮ ዝናቡ አልለቀቀንም። በማግስቱ ፈረስ ተከራይተን፣ ጓዙን ጭነን፣ ከባለፈረሶቹ ጋር በጭቃ ወደ ወይብ ሸለቆ ወረድን። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሲመሽ ሰባት ድንኳን ተተከለ፤ ሁሉም ለእኛ። ሦስቱ ባለፈረሶች ኮርቻቸውን ተንተርሰው፣ ጋቢያቸው ላይ አንድ ፕላስቲክ ጣል አድርገው ዝናቡ ውስጥ ተኙ።

አንዱ ጓደኛችን ሻዩን ፉት እያለ «እነሱ እኮ ለምደውታል» አለ። ማንም አልተቃወመውም።

ይህቺ «ለምደውታል» የምትባል ቃል ስንቱን ሸፈነችልን! ማድ ቤት ወለል ላይ የምትተኛዋ ሠራተኛ ለምዳዋለች። ያለ ጓንት ሲሚንቶ የሚያቦካው ልጅ ለምዶታል። እኛ ብቻ ነን መቼም ምንም የማንለምደው። ጠዋት ከባለፈረሶቹ በዕድሜ ትልቁን «አባባ፣ ይሄን ብርድ እንዴት ለመዱት?» ብላቸው «ብርድ ይለመዳል እንዴ ልጄ? ይቻላል እንጂ» አሉኝ። እያሳሉ ነበር።

የአስጎብኚያችንን ሰው ጠየቅሁት። «ተጨማሪ ድንኳን ለፈረሱ ይከብዳል» አለኝ። እውነት ነው፣ ፈረስም ነፍስ አለው። ግን ያው ፈረስ ሁለት ሳጥን ቢራ ተሸክሞ ነው የመጣው! (የቢራውን ጠርሙስና የበላነውን ሥጋ አጥንት እዚያው ጥለን ልንመጣ ምንም አልቀረን። አጥንቱ ውሻ ይጠራል፣ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የባሌን ቀይ ቀበሮ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጠብ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።)

የባሌ ተራሮች ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ስሙ ሲገን እንግዳው ይበዛል፤ እንግዳው ሲበዛ ደግሞ ዛሬ የምንተክለው ልማድ ነገ ደንብ ይሆናል። ኪሊማንጃሮ ላይ ተሸካሚዎች በብርድና በድካም ሲሞቱ ኖረው ነው የሸክማቸው ልክ 20 ኪሎ እንዲሆን የተደነገገው፣ ልብሳቸውንና ማደሪያቸውን የሚከታተልላቸው ድርጅትም የተቋቋመው። እኛም የግድ ሬሳ መቁጠር አለብን?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የጉዞው ዋጋ ውስጥ ለባለፈረሱ ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ትኩስ እራት ይካተት። ለሰው ሲካፈል ከቢራው ወጪ አይበልጥም። ተጓዡም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት «ባለፈረሱ የት ነው የሚያድረው?» ብሎ ይጠይቅ። አምስትና ስድስት ሰው ይህን ከጠየቀ አስጎብኚው ስድስተኛው ላይ መልስ ይዞ ይጠብቃል፤ ነጋዴ ነዋ።

«ቢፈልጉ ኖሮ ራሳቸው ይጠይቁ ነበር» የሚል አይጠፋም። ፈረስ የሚወጣው በተራ ነው። ባለፈረሱ ብዙ፣ እንግዳው፣ ያውም በክረምት፣ ጥቂት። እስቲ ሳምንታት ጠብቀህ ተራህ የደረሰ ቀን፣ ከኋላህ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ፣ «መጀመሪያ ድንኳን ስጡኝ» በል።