በጋቢ የሚጠቀለል ኮምፒውተር

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰሚት እኔ ጋ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ጀሞ አባቱ ጋ። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ነገሩን ስለምታውቁት አልደግመውም። የዛሬው ወሬዬ በሁለቱ ቤቶች መካከል ስለሚንከራተተው ዕቃ ነው። የሒሳብ ደብተር ጀሞ ይቀራል፤ የስፖርት ጫማ ሰሚት ይቀራል፤ እሁድ ማታ “ሹራቤስ?” ይባላል። ይሄን ለምደነዋል።

ያልለመድነው አንድ ነገር ነበር። ልጄ ማይንክራፍት ላይ አንድ ዓመት ሙሉ የገነባው ከተማ አለ። የባቡር ጣቢያ አለው፣ ገበያ አለው፣ ከወንዙ ማዶ ለማለፍ የጀመረው ረጅም ድልድይ አለው። ከተማው ግን ያለው አባቱ ቤት በሚገኝ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ማታ የቤት ሥራውን ይጨርስና “ማሚ፣ አሁን ድልድዩን ብቀጥል እኮ…” ይላል። ድልድዩ ጀሞ ነው።

“በፍላሽ ገልብጣችሁ አታመላልሱትም?” ትሉ ይሆናል። ሞክረናል። እኔ ቤት ያለው ብቸኛ ኮምፒውተር የመሥሪያ ቤቴ ላፕቶፕ ነው (የአይቲ ክፍላችን ይህን ገጽ እንደማያነብ ተስፋ አደርጋለሁ)። ጨዋታው ሲከፈት እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል፣ ምስሉም እየቆመ እየሄደ ነው። ቢሆንም ለጥቂት ወራት በፍላሽ ተመላለስን። አንድ እሁድ ልጄ አሮጌውን ፋይል በአዲሱ ላይ ገለበጠውና የሦስት ሳምንት ሥራው ጠፋ። ጮክ ብሎ አላለቀሰም፤ ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እኔም ያን ማታ አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ላፕቶፕ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ቤተሰብ የሚሻለው እሱ ነው፤ ባትሪ አለው፣ ስክሪኑም ኪቦርዱም አብሮ ይሄዳል። ለጨዋታ የሚሆን ላፕቶፕ ግን ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የግራፊክስ ቺፑ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ፕሌይስቴሽን ደግሞ ለጨዋታ እንጂ ለቤት ሥራ አይሆንም። ከዚያ ነው እጅግ ትንንሽ በሆነ ኬዝ ውስጥ ሙሉ ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁት።

የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ ሊትር ነው። ኬዝ ሲያወዳድሩ ስለ ቁመት ሳይሆን ምን ያህል ሊትር እንደሚይዝ ነው የሚያወሩት። እኛ አገር ደግሞ ሊትር በጀሪካን ይገባናል። ቢሮ ጠረጴዛ ሥር የምናውቀው የተለመደው ትልቅ ኬዝ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ያክላል። እኔ የመረጥኩት፣ ፍራክታል የተባለው የስዊድን ኩባንያ የሚሠራው ቴራ የሚባል ኬዝ፣ 10.4 ሊትር ነው። የአንድ ጀሪካን ግማሽ! 34 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 22 ቁመት፣ 15 ወርድ አለው፤ ፊቱ ላይ ቀጭን የዋልነት እንጨት ተለብጦበታል። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ስታስቀምጡት እንግዳ ሬዲዮ ነው ብሎ ያልፈዋል። ማርኬቲንግ ስለምሠራ ያ እንጨት ለምን እንደተለጠፈ በደንብ ይገባኛል። ገዛሁት እንጂ።

ኬዙን ማሳነስ የሚቻለው ማዘርቦርዱ ሲያንስ ነው። ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው መጠን ቪያ በተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሲሆን በሁሉም ጎን 17 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመደው ትልቁ ቦርድ 30.5 በ24.4 ነው። ትንሹ ለራም ሁለት ማስገቢያ፣ ለግራፊክስ ካርድ አንድ ማስገቢያ ብቻ አለው፤ ዋጋው ግን ከትልቁ ይበልጣል። ባነሰ ዕቃ የበለጠ ማስከፈል በእኛ ሙያ ትልቅ ጥበብ ስለሆነ አድናቆቴን ገልጬ ከፈልኩ።

የተቀረውን አባቱን አማከርኩ። አሮጌውን ዴስክቶፕ ከዓመታት በፊት ራሱ የገጣጠመው እሱ ነው። ከተለያየን ወዲህ ስልክ የምንደዋወለው “ስንት ሰዓት ላምጣው?” እና “ትኩሳቱ በረደ?” ለመባባል ብቻ ነበር። አሁን ግን በሳምንት ሦስቴ ስለ ሚሊ ሜትር ማውራት ጀመርን። በትንሽ ኬዝ ውስጥ ሁሉም ነገር ሚሊ ሜትር ነው። ካርዱ ስንት ይረዝማል? ማቀዝቀዣው ስንት ይቆማል? ፓወር ሰፕላዩ ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሹ ዓይነት መሆን አለበት፤ 12.5 በ10 በ6.35 ሴንቲ ሜትር የሆነው። “እዚህ ላይ ገንዘብ እንዳትቆጥቢ” አለኝ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል፣ 600 ዋት የሆነ ወሰድን። ኮምፒውተሩ ጨዋታ ላይ የሚበላው ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ የተዝናና ፓወር ሰፕላይ ግን ብዙም አይሞቅም፣ ፋኑም አይጮኽም።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 7600 ነው። ባለ ስድስት ኮር ነው፣ ማቀዝቀዣውም ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 4060 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር። 8 ጊጋ ባይት ብቻ ነው ያለው ብለው የሚያንቋሽሹት አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔን የማረከኝ ግን 115 ዋት ብቻ መብላቱ ነው። ሙቀት ማለት ዋት ነው፤ ግማሽ ጀሪካን ውስጥ ደግሞ ሙቀት መሄጃ የለውም። ለድልድይ ግንባታና ለእግር ኳስ ጨዋታ ይበቃል። ዋጋውን በብር ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ መጽሔቱ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ይለወጣል። ግማሹን ዕቃ ከመገናኛ አካባቢ ሱቆች አገኘሁ፤ ቦርዱን፣ ኬዙንና ፓወር ሰፕላዩን ዱባይ ያለችው እህቴ ከቡር ዱባይ ገዝታ፣ ወደ አገር ቤት በሚመጡ ሰዎች ሻንጣ ውስጥ በሹራብ ጠቅልላ በሁለት ጊዜ ላከችልኝ። እህቴ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ነገር የለም። “ይቺ ካርቶን ኬክ ናት እንዴ?” ብላ ፎቶ ልካልኛለች።

የገጣጠምንበት ቀን ቅዳሜ ነበር። አባቱ ሊወስደው መጣ፤ ልጄ ደግሞ “አብረን ካልሠራነው አልሄድም” አለ። ከተለያየን ጀምሮ አባቱ ከበሩ አልፎ ገብቶ አያውቅም። አራት ፎቅ በደረጃ ወጥቶ የመጣን ሰው በር ላይ ማቆምም ነውር ነው። ግባ አልኩት። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ አነጠፍን።

ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ ከዚያ ቀን የተማርኩትን ልንገራችሁ። ቦርዱን ኬዝ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ማቀዝቀዣውን ውጭ ላይ ግጠሙ። ከገባ በኋላ ጣት የሚገባበት ቦታ የለም። ሁለተኛው ኤስኤስዲ የሚገባው ብዙ ጊዜ በቦርዱ ጀርባ ስለሆነ ረስታችሁት ብሎኑን ከጠበቃችሁ እንደገና መፍታት ነው። ገመዶቹን የት የት እንደሚያልፉ ቀድማችሁ ወስኑ። ትንንሽ ብሎኖቹን በስኒ ለዩ፤ እኛ ስድስት የቡና ስኒ ተጠቅመናል። አንዱን ብሎን ያገኘነው ማግስቱ ጠዋት ነው፣ የት እንደሆነ ግን አልናገርም።

በዚህ ኬዝ ውስጥ ግራፊክስ ካርዱ ቦርዱ ላይ ቀጥ ብሎ አይሰካም። ከቦርዱ ጀርባ ይሆንና በጠፍጣፋ ገመድ ይገናኛሉ፤ አንድ አልጋ ላይ ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ እንደተኙ ባልና ሚስት ማለት ነው (ምሳሌው ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ)። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል። የእኛ ማቀዝቀዣ 54 ሚሊ ሜትር ስለሚቆም ግድግዳውን ወደ ካርዱ በኩል ገፋነው። አባቱ ካቻቢቴ ይዞ፣ ልጄ በስልኩ ባትሪ እያበራ፣ እኔ መመሪያውን እያነበብኩ አራት ሰዓት ፈጀብን።

ከዚያ ማብሪያውን ተጫንን። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር።

አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። እኔ በልቤ የከፈልኩትን እየደመርኩ ነበር። ልነቅለው እጄን ስዘረጋ አባቱ “አትንኪው፣ ራሙን እየለየ ነው” አለኝ። ለካ እነዚህ አዳዲስ ቦርዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ ከራሙ ጋር ለመተዋወቅ ደቂቃዎች ይፈጅባቸዋል፤ በዚህ መሀል ምንም ነገር አይታይም። ይህን ማንም ሱቅ ውስጥ አልነገረኝም። ሦስታችንም ጥቁር ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን ቆምን። በአራተኛው ደቂቃ ላይ ጽሑፍ መጣ፣ ልጄ ሶፋው ላይ ዘለለ፣ እኔም ቡና አፈላሁ። የታረቅን እንዳይመስላችሁ። ቡናውን ጠጥቶ፣ ልጁን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ከኬዙ ውስጥ “ትርርር” የሚል ድምፅ መጣ፤ አንድ ገመድ የፋን ክንፍ እየነካ ነበር። የልብስ ፕላስቲክ ማሰሪያ ፈታው። ከባዱ ግን ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ትሆናለች፤ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላባት፣ ባቄላ አልበስልም የሚልባት ከተማ ናት። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ ሲዞር የሚገፋው ያነሰ ነው። ዱባይ ወይም ለንደን ያለ ሰው “ሙቀቱ ምንም አይልም” ሲላችሁ የእሱን አየር እያሰበ ነው። ፕሮሰሰሩ እስከ 95 ዲግሪ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ቢሆንም እኔ እዚያ ሲደርስ ማየት አልፈለግሁም። በቅንብሩ ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባለውን አበራን፤ 65 ዋት የነበረውን ወደ 45 ያወርደዋል። ልጄ ልዩነቱን አላስተዋለም። ከግድግዳም አንድ ጋት ያህል አርቀን ነው የምናስቀምጠው።

አሁን ዓርብ ከሰዓት ሲሆን ይጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፣ ከዚያ በእናቴ ጋቢ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ኪቦርድና ማውዝ አብረው ይሄዳሉ፤ ስክሪን በሁለቱም ቤት ቴሌቪዥኑ ነው። ሁሉም ተደምሮ ሰባት ኪሎ አይሞላም። ልጄ ማንንም አያስነካም፣ አራቱን ፎቅ ራሱ ይዞ ይወርዳል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ኮምፒውተሩ አንድ ሲሆን ሕጉም አንድ መሆን ነበረበት። ድሮ “አባዬ ቤት እስከ አራት ሰዓት ነው” ሲለኝ ማረጋገጫ አልነበረኝም፤ ለአባቱም “ማሚ ትፈቅዳለች” ይለው ነበር። አሁን በኮምፒውተሩ ላይ የሕፃናት የሰዓት ገደብ አስገብተናል፤ የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለታችን ነን። በሰዓቱ ላይ ለመስማማት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል፣ ያውም ከማዘርቦርዱ ምርጫ በላይ ተጨቃጭቀን። ልጄ በውጤቱ አልተደሰተም። “እናንተ ባትነጋገሩ ይሻል ነበር” ብሎኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጠራ። ጀሞ መብራት ሄዷል። እኔ ቤት ዩፒኤስ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ሥራን ለማስቀመጥና በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ችግሩ ውስጡ ያለው ባትሪ እርሳስ ነው፤ ከቦርሳው ውስጥም አይገባም፣ ልጁም ከኮምፒውተሩ ጋር ሊሸከመው አይችልም።

“ለምን አልላክሽውም?” አለኝ።

“ድልድዩስ?” አልኩት።

“ሊጠፋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አስቀምጦታል።”

ለጀሞው ቤት ሌላ ዩፒኤስ መግዛት እንዳለብን ተስማምተናል። ማን ይግዛው የሚለው ላይ ግን እስከዛሬ አልተስማማንም።