ሠላሳ ቀን ለቡና አይበቃም

ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት ያሉ የቡና ገበሬ ማኅበራትን ሒሳብ እየመረመርኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ከጠፋ ፋይል ይልቅ የተበላሸ ፋይል ያሳስበኛል። ፋይል ሲጠፋ ሁሉም ይደነግጣል፣ በዚያው ቀን ፍለጋ ይጀመራል። ተበላሽቶ የተቀመጠው ግን ለወራት ደህና መስሎ ይኖራል።

በኅዳር የእሸት ቡና ግዥ ሲጧጧፍ አንድ ጸሐፊ የአባላቱን ስም በፊደል ተራ ሊደረድር ይፈልጋል እንበል። የስሙን ዓምድ ብቻ መርጦ ሲደረድር የኪሎው ዓምድ ባለበት ይቀራል፤ የአንዱ ገበሬ ቡና በሌላው ስም ይመዘገባል። ጠቅላላ ድምሩ ስለማይዛነፍ የሚያሳብቅ ነገር የለም። የሚታወቀው የትርፍ ክፍፍል ሲደርስና አንዲት እናት ደረሰኛቸውን ዘርግተው "እኔ ያስገባሁት ይኼን ነው" ሲሉ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ማኅበሩ ባክአፕ ነበረው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን እንዳለ ወደ ሩቅ የሚገለብጥ ነበርና የተበላሸው በደህናው ላይ ተተካ፤ ስህተቱ ሲገኝ የቀድሞው ቅጂ የሚቆይበት ጊዜ አልፎ ነበር። የዓመቱ ደረሰኝ ከካርቶን ወጥቶ እንደገና አንድ በአንድ ተመዘገበ።

ስለዚህ ባክአፕ የሚመርጥ ማኅበር ከስፋቱና ከዋጋው በፊት ይጠይቅ፦ የቀድሞው ቅጂ ስንት ጊዜ ይቆያል? ጉግል ድራይቭ ለተጫነ የኤክሴል ፋይል በተለመደው አሠራሩ አሮጌ ቅጂዎችን የሚይዘው ለ30 ቀን ነው፤ የድሮፕቦክስ መነሻ አገልግሎትም እንዲሁ። ለቢሮ ደብዳቤ ይህ በቂ ነው። ለቡና ግን ከመጀመሪያው ለቀማ እስከ ክፍፍሉ ያለውን ዘመን የማይሸፍን ባክአፕ ባክአፕ አልለውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ሁለት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ ለትላልቅ ገዢዎች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2026 ሥራ ላይ ይውላል። ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያው ይለካል። ነጥቡ ከአሥርዮሽ በኋላ 6 አኃዝ ይፈልጋል። አንድ ሰው ሳያስበው ኤክሴሉ ላይ ወደ 2 አኃዝ ቢያጠጋጋው ማሳው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሸሽ፣ ምናልባትም ጥብቅ ደን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኬክሮስና ኬንትሮስ ከተለዋወጡማ የአጋሮ ገበሬ ማሳ አልጄሪያ ላይ ያርፋል። መረጃውን ደግሞ ገዢው ለ5 ዓመት እንዲይዝ ይገደዳል። እኛ ዘንድ ከወር በፊት የነበረው ቁጥር ከሌለ፣ ገዢው ሲጠይቀን በእግር ተዙሮ የተለካውን ማሳ ሁሉ እንደገና ልንዞር ነው።

ቅጂዎቹ ሩቅ ቦታ መቀመጣቸው ግድ ነው፤ ጎርፍ፣ እሳትና ሌባ ቢሮውን ከነኮምፒውተሩ ይወስዳሉና። ሆኖም ሩቁ ብቻውን አይበቃም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በዚያ መሀል ፋይል የተበላሸበት ማኅበር የሚያወጣው ነገር እዚያው ካዝናው ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ መኖር ነበረበት። የመስመሩ ፍጥነትም ይታሰብ። የደረሰኝና የመታወቂያ ፎቶ ተሰብስቦ 100 ጊጋባይት ቢሞላ፣ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሌት ተቀን ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ጭነት ከተማ ላይ በሃርድ ዲስክ ይፈጸም፤ ከዚያ የተለወጠውን ክፍል ብቻ የሚልክ ፕሮግራም ይመረጥ። ሬስቲክና ቦርግ ይህን ያደርጋሉ፣ ክፍያ የላቸውም፣ ፋይሉንም ከቢሮ ሳይወጣ ይቆልፉታል። የገበሬው ስምና ማሳ የግል መረጃ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠብቀው። ቁልፉ ከጠፋ ግን የሚከፍተው የለም፤ በወረቀት ተጽፎ በሰብሳቢውም በሒሳብ ሹሙም እጅ ይቀመጥ። የቢሮው ኮምፒውተር ሩቅ ያሉትን አሮጌ ቅጂዎች መሰረዝ እንዳይችልም ይደረግ፤ ቫይረስ ቢገባ እነሱንም ሊያጠፋቸው ይችላል።

ይህን እያንዳንዱ ማኅበር ለብቻው ይወጣው ማለት ልክ አይደለም። ለሩቅ ማስቀመጫው በወር በዶላር መክፈል ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጸሐፊ ቀላል ነገር አይደለም። ካታ ሙዱጋና ሊሙ ኢናራን የመሰሉ ዩኒየኖች አንድ ኮምፒውተር ጅማ፣ አንድ አዲስ አበባ አቁመው የአባል ማኅበሮቻቸውን ቅጂ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። ቡናውን ሰብስበው ይሸጡ የለም? መዝገቡንም አብረው ይያዙት። ከሚቀጥለው ለቀማ በፊት፣ በመስከረም፣ ከአንድ ማኅበር ጸሐፊ ጋር ተቀምጠው ያለፈውን ኅዳር የግዥ መዝገብ ከሩቅ አውጥተው ከደረሰኙ ጋር ያመሳክሩ። የቦርድ ሰብሳቢዎችም ይህ ሲደረግ ቆመው ይዩ።