በእግር መሄድ የማጣት ምልክት አይደለም!

አምቦ ላይ ለ10 ደቂቃ መንገድ ባጃጅ እንጠብቃለን። በእግሩ የሄደውንም «ምነው፣ ሳንቲም አጣህ እንዴ?» እንለዋለን። ይሄ አስተሳሰብ እያሳመመን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ግፊትንና ስኳርን ለመቆጣጠር ያግዛል፤ መድኃኒታችሁን ግን እንዳታቆሙ!

ሰውነታችሁ ሲለምድ አንድ ቅዳሜ ጊንጪ አጠገብ ወዳለው ጭሊሞ ደን ውጡ። ጥዱን፣ ዝግባውን፣ ወይራውን እያያችሁ፣ በገበሬው ማሳ ዳር እያለፋችሁ ቀኑን በእግር አሳልፉ። ሁሌ በመኪና የምናልፈው ሀብታችን ነው።

ስኳር ያለባችሁ ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ውሃና ከረሜላ ያዙ፣ ማታ ውስጥ እግራችሁን እዩ። ስትራመዱ ደረታችሁን ካመማችሁ ቁሙ፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ዛሬ ስንት ደቂቃ ተራመዳችሁ?