ሴይዱ ኬይታ መቼ ጠፍቶ ነው የተገኘው?

ስለ ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ በተጻፈ ቁጥር የማትቀር አንዲት ቃል አለች፦ «ተገኘ»። ምዕራባውያን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «አገኙት» ይባላል። የሚገኝ የጠፋ ነው። ኬይታ ግን መቼ ጠፋ?

በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ባመጣለት ኮዳክ ካሜራ ጀመረ። ሙያውን በትምህርት ቤት አልተማረም። በ1948 ባማኮ ውስጥ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ግቢው ውስጥ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ የአልጋ ልብሱን ከኋላ ዘርግቶ ያነሳ ነበር። ፊልም ውድ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ደንበኛ አንዴ ብቻ ነው የሚያነሳው። ሰዓት ለሌለው ሰዓት፣ ሬዲዮ ለሌለው ሬዲዮ ያውሳል። ቬስፓም ነበረው። ሰው ወደ እሱ የሚሄደው አምሮበት፣ ተከብሮ ለመታየት ነው። ከፎቶው ጀርባ የኬይታ ማኅተም ያርፍበታል። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1962፣ የመንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ የግል ሥራው ቆመ። በ1977 ጡረታ ወጣ።

በ1991 ሥራዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ለዕይታ ቀረቡ። ያነሳቸው ሰው ግን «ያልታወቀ» ተባለ! ባማኮ በማኅተም የሚታወቀው ሰው ኒውዮርክ ሲደርስ ስም አልባ ሆነ። እንግዲህ ያጠፋውም «ያገኘውም» ያው ዓለም ነው።

«እነሱ ባያሳዩት ማን ያውቀው ነበር?» የሚል አይጠፋም። በ1994 ፓሪስ ውስጥ ለብቻው የቀረበው አውደ ርዕይ ዝናውን በዓለም እንዳሰፋው አይካድም። ነገር ግን የሚታይ ነገር የተገኘው ኬይታ ራሱ ኔጌቲቮቹን ለዓመታት ጠብቆ ስላቆየ ነው። ቀዳሚው ባለ ውለታ እሱ ነው። በ2001 ከሞተ በኋላ «ኔጌቲቮቹ የማን ናቸው?» የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። በ13 በ18 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ታትመው ለባለቤቶቻቸው የተሰጡት ፎቶዎች ዛሬ ግድግዳ በሚሞላ መጠን ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው የሚነበበው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ርዕስ የለውም» ነው። ያቺ ተውባ የተቀመጠች ሴት ስም ነበራት። ለራሷና ለዘመዶቿ የተነሳችው ፎቶ የሌሎች የጥበብ ዕቃ ሲሆን ስሟ ቀረ።

ኬይታ ማስረጃ ነበረው፤ ማኅተምና ኔጌቲቭ። የብዙዎቹን ደንበኞቹን ስም ግን የጻፈው የለም። ስለዚህ የቤታችሁን አልበም ዛሬ አውጡት። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ «ይህ ማነው? የት ነው የተነሳው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከጀርባው ጻፉበት። በየከተማው የሚዘጉ ፎቶ ቤቶችም ኔጌቲቮቻቸውን አይጣሉ። ዛሬ ያልተጻፈ ስም ነገ «ያልታወቀ» ይባላል።