በሪያድ የምትወልድ እናት የሚያርሳት ያስፈልጋታል

አገር ቤት ሴት ስትወልድ ቤቱ በሰው ይሞላል። እናት ወይም እህት ገብታ ገንፎውንና አጥሚቱን ትሠራለች፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይጠይቃታል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቢያንስ እስከ 40 ቀን አራሷ ከባድ ሥራ እንድትነካ አይፈቅድም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሰው ሲኖር ነው። ከሆስፒታል ወጥታ በመንፉሃ ወይም በሌላ የሪያድ ሰፈር በአንዲት የኪራይ ክፍል የምትታረስ ኢትዮጵያዊት እናቷን ማስመጣት የምትችለው ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ከፈቀደ፣ ቪዛውና የትኬቱ ገንዘብ ከተገኘ ብቻ ነው። ባሏ በማለዳ ሥራ ሲወጣ የምታጠባውም፣ የምታበስለውም፣ ልብስ የምታጥበውም እሷው ናት። ስለዚህ በዚህ ከተማ አራስን መንከባከብ ለዘመድና ለጎረቤት በጎ ፈቃድ ብቻ ሊተው አይችልም፤ ሕግም፣ ኤምባሲም፣ ኮሚኒቲም ድርሻቸውን ሊወስዱ ይገባል።

ሕጉ መሻሻሉን አንክድም። ከየካቲት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የተሻሻለው የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ የወሊድ ፈቃድን ከ10 ወደ 12 ሳምንት አሳድጓል፤ ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት እናት እንድትሠራ የማይፈቀድባቸው ናቸው። ነገር ግን ይኸው ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል፤ እዚህ ያሉት እህቶቻችን ደግሞ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ለአባት የተሰጠው ፈቃድም 3 ቀን ነው። በዚህ ረገድ የእኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አይሻልም፤ ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ሲሰጥ ለአባት የፈቀደው 3 ተከታታይ ቀን ነው። የሚያግዝ ዘመድ በሌለበት ከተማ አባት በአራተኛው ቀን ሥራ ሲገባ አራሷ ብቻዋን ትቀራለች።

ወግ ብቻውን ይበቃል ማለታችንም አይደለም። ገንፎ ደም መፍሰስን አያቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ፣ ከዚያም በ6 ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጎረቤት የሞላበት አገር እንኳ ምርመራውን ዘንግቶታል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የመንፈስ ጭንቀትም አለ፤ ድርጅቱ እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 5 እናቶች አንዷን ገደማ የአእምሮ ጤና መታወክ ይገጥማታል፣ ዋነኛውም ድብርት ነው። ብቸኝነት ይህን ያባብሰዋል።

«ለሥራ የሄደ ሰው ምን ያስወልደዋል?» የሚሉ አሉ። ብዙ ወላጆች ግን በሕግ ተጋብተው፣ ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 400 ሪያል የሙራፊቅ ክፍያ እየከፈሉ የሚኖሩ ናቸው። ወረቀት የሌላትም ብትሆን ሕፃኑ ተወልዷል፤ እናቱን መቅጣት እሱን መቅጣት ነው። ሌሎች ደግሞ ኮሚኒቲው አቅም የለውም ይላሉ። ይህን ለመቀበል ይቸግረናል። አስከሬን ወደ አገር ለመላክ በጥቂት ቀናት ገንዘብ የሚያሰባስብ ሕዝብ፣ ለአንዲት አራስ ለሁለት ሳምንት ተራ ገብቶ ምግብ ማድረስና ለምርመራ የታክሲ መክፈል አያቅተውም። በየሰፈሩ ያለው ዕድርና ማኅበር ለዚህ የሚሆን ተረኛ ይመድብ።

ከኤምባሲው የምንጠብቀው ሌላ ነው። የሕፃናትን ምዝገባና የጉዞ ሰነድ ያፋጥን፣ የጋብቻ ወረቀት ያልተሟላላቸውን ይርዳ፣ መንግሥትም በ2009 ዓ.ም. ከሳዑዲ ጋር የተፈረመውን የሥራ ስምሪት ስምምነት ሲያሻሽል የቤት ሠራተኞችን የእርግዝናና የወሊድ ጥበቃ በግልጽ ያስገባ። እርስዎም አንባቢ፣ በሕንጻዎ አራስ ካለች ዛሬውኑ ይጠይቋት። ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ካተኮሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዛት አይዘግዩ፤ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።