በቄራው ሜዳ ስለ ተበተነው መርዝ ለከተማችን ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፤

የዱር እንስሳትን የሚጠብቀው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራችን ከዚህ ቀደም ያቀረባቸው ደብዳቤዎች የመዝገብ ቤትዎ ማኅተም ተመትቶባቸው የገቡ ስለ ሆኑ፣ በእነርሱ የተባለውን ዳግመኛ ማውሳቱን ትተን በቀጥታ ወደ ቁስላችን እንገባለን፤ ባለፈው ጥር፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመግደል ተብሎ በቄራው ሜዳ በሌሊት የተበተነው መርዝ ያለበት ሥጋ፣ የከተማችንን ጥንብ አንሣዎች ፈጅቷቸዋል። የከተማችንን ስም በዚህ ደብዳቤ ያላወጣነው፣ ነዋሪዎቿ ባልሠሩት ሥራ በአገር ፊት እንዳያፍሩ ብለን ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ አዕዋፉ የሞቱት በበሽታ ነው ብሏል። ይህን የሰማ ሕዝብ፣ በዚያ ሌሊት ማግስት ጧት አዕዋፍን ለመቁጠር እንደ ልማዳቸው ወደ ቄራው አጥር የሄዱት መምህራንና ተማሪዎች ያዩትንም ሰምቶ ራሱ ይፍረድ። ውሾቹ እግሮቻቸው እንደ እንጨት ተወጥረው በየስፍራው ተጋድመው ነበር፤ ጥንብ አንሣዎቹ ከውሾቹ በድን ጥቂት እርምጃ ሳይርቁ ክንፋቸውን እንደ ዘረጉ ወድቀዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዱ የዋጠው ሥጋ ገና ከጉሮሮው አልወረደም ነበር። ቁራውም፣ ጭልፊቱም፣ ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዙ ወርዳ እዚያው የቀረችው ጅብም ከዚሁ መዓት አላመለጡም። ውሻን፣ ጅብን፣ ቁራንና ጥንብ አንሣን በአንዲት ሌሊት ገድሎ ከሜዳው ጠርዝ የማያልፍ በሽታ የትኛው ሐኪም ያውቀዋል? የቄራው ዘበኛ ደግሞ የራሱን ውሻ በዚያ ማታ አስሮ እንዲያሳድር አስቀድሞ ተነግሮት እንደ ነበር ሳይሸሽግ ነግሮናል፤ ስለ ተናገረውም እውነት ክፉ እንዳያገኘው ይህን የሚያነብብ ሁሉ ምስክር ይሁንልን። ከሜዳው የለቀምነውን፣ በአንድ ልክ የተቆራረጠውን ሥጋ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገን፣ ይመርመርልን ብለን ለጽሕፈት ቤትዎ አስረክበናል፤ የተረከበን ሰው ፈርሞልናል፤ የምርመራው ውጤት ግን እስከ ዛሬ አልተነገረንም።

የእብድ ውሻ በሽታ ሰው እንደሚገድል፣ ሕዝቡም ውሾቹን አጥፉልን እያለ ወደ ክብርዎ እንደሚጮኽ እናውቃለን፤ ልጁ በእብድ ውሻ የተነከሰበት አባት ሐዘን የእኛም ሐዘን ነው። ነገር ግን መርዝ ዛሬ ባዶ ያደረገውን ሰፈር ነገ ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ያልተከተቡ ውሾች ይሞሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሲመክር የኖረው ከውሾች 70 በመቶውን መከተብን ነው፤ ይህንኑ ለመርዳት፣ ውሾችን ቤት ለቤት ልንመዘግብና ለክትባት ልናቀርብ ያለ ደመወዝ የተዘጋጀን መሆናችንን በጽሑፍ ስናቀርብ፣ ከክብርዎ ሹማምንት አንዱ በስብሰባ ላይ ሥራ ፈቶች ብሎ ሰደበን። ሥራ ፈቶች! ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ከክፍል ወጥተው በቀጥታ ወደ ሜዳው የሚመጡት ተማሪዎች፣ ሱቃቸውን ዘግተው የሚተባበሩን የሥጋ ቤት ባለቤቶች ይህን ስም ተሸክመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ጥንብ አንሣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ የማይጥል፣ ጫጩቱም ለመውለድ ዓመታት የሚፈጅበት ፍጥረት ነውና በአንድ ሌሊት የጠፋው በአንድ ትውልድ አይተካም። በቄራችን ዙሪያ ሲሰፍር የኖረው፣ ፊቱ ላባ የሌለው ትንሹ ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈጽመው ለመጥፋት ከተቃረቡት አዕዋፍ ተራ ተመዝግቧል። በሕንድ አገር፣ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት፣ የታከመውን ከብት በድን የበሉትን ጥንብ አንሣዎች ኩላሊት እየጎዳ አንዱን ዓይነት ከ99 በመቶ በላይ ካጠፋው በኋላ፣ የተረፈው በድን ለውሾች ሲሳይ ሆኖ ውሾቹ በዙ፣ የእብድ ውሻ ሥጋትም አብሮ በዛ፤ መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለ። እኛ ግን ውሻ እንቀንሳለን ብለን ውሻን የሚያበዛውን ሥራ በገዛ እጃችን ሠራን።

በገዛ ፈቃዱ ፍጥረትን የሚጠብቅ ሰው በአገራችን እንግዳ አይደለም። የመንዝ ሰዎች ጓሳን በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀው ከነቀይ ቀበሮውና ከነጭላዳው ለእኛ አድርሰውታል፤ የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ቆሞ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ለበረሃው አንበሳ ብቻ የወጣ እንዳልሆነም ክብርዎ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ስለዚህ፣ መርዙ በማን ትእዛዝ እንደ ተበተነ በይፋ እንዲነገር፣ ከእንግዲህም በከተማችን ወሰን መርዝ እንዳይበተን በጽሑፍ እንዲታገድ እንለምናለን። ይህም ብቻ አይበቃንም። የክትባቱ ዘመቻ ከክረምት በፊት ይጀመር፤ የቄራው ተረፈ ሥጋ የሚጣልበት ስፍራ ይታጠር፤ በወንዙ ዳር ለመንገድ ሊቆረጡ ምልክት የተደረገባቸው፣ አዕዋፉ የሚያድሩባቸው ታላላቅ የዋርካ ዛፎች ይማሩ፤ ዲክሎፌናክ ለከብት እንዳይሰጥ ክብርዎ ጉዳዩን ወደ በላይ መንግሥት ያድርሱልን፤ ለበጎ ፈቃደኞቻችን ዘበኛ የማያባርራቸው የመታወቂያ ወረቀት ይሰጣቸው፤ በከተማው ምክር ቤትም ስለ ዱር እንስሳት በሚመከርበት ቀን አንድ ወንበር ይኑረን። የክብርዎ ሹም የሰደባቸውንም በተሰደቡበት አዳራሽ፣ በተሰደቡበት ጉባኤ ፊት ይቅርታ ይጠይቃቸው።

መልስዎን ለእኛ በታሸገ ፖስታ እንዳይልኩልን፤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከምርመራው ውጤት ጋር፣ ወጪ ወራጁ ሁሉ እንዲያነብበው ያስለጥፉልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ ሰብሳቢ